ስለ ሽሚያ፤ በኔትወርክ ድራይቨራችን ስለ ደረሰው ጥፋትና ስለ እርማቱ

(በተማሪዎች ማኅበር ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሓፊ ይህን ንግግር እንድናደርግ ሲጠይቀን፥ «ስለ ኮምፒዩተር አንድ የሚጠቅም ነገር ንገሩን» ብሎን ነበር። በዚህ ዘመን ብዙ ወሬ ከሚወራለት ነገር አንዱን መርጠን ብንናገር አዳራሹን ደስ ማሰኘት አያቅተንም ነበር። ነገር ግን ባለፈው ወሰነ ትምህርት በእኛ ስሕተት የተቸገሩ ብዙ ሰዎች እዚሁ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ያጠፋነውን ጥፋት፥ ከምን እንደ መጣና እንዴት እንደ ታረመ ብንናገር ይሻላል ብለን ተስማማን። ከአራታችን አንዱ መጀመሪያ አልተስማማም ነበር፤ በኋላ ግን ይህን ወረቀት በመጻፍ ከሁላችን ይበልጥ የደከመው እሱ ነው።

ነገሩን ታስታውሱታላችሁ። በቤተ ሙከራችን የሚገኙት አሮጌ ኮምፒዩተሮች በድንገት ከኔትወርክ ይለዩ ነበር። አንዳንዶቻችሁ የቤት ሥራችሁን ልትልኩ ጣታችሁን ባሳረፋችሁበት ደቂቃ ማሽኑ ዝም ብሎባችሁ ሰዓቱ አልፎባችኋል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ፥ አንዳንድ ሳምንት ደግሞ ከናካቴው ሳይመጣ የሚቀር ጥፋት ነበር። በማሽኖቹ ላይ ይሠራ የነበረው ድራይቨር እኛ ለትምህርታችን የጻፍነው ሲሆን፥ እንዲሞከር ለምነን ያስገባነውም ራሳችን ነን። ጥፋቱ ሲመጣ ግን በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ «የገመድ ብልሽት አለ» ብለን በትልልቅ ፊደል ጻፍን። የቤተ ሙከራውን ዕቃ የሚጠብቁት ጋሼም ያንን አንብበው ሦስት ጊዜ ገመድ ለወጡ፤ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ከቤተ ሰባቸው ተለይተው በጠረጴዛ ሥር ተንበርክከው ዋሉ። ገመዱ ምንም አልነበረበትም።

ስለ ምን ገመድ ነው አልን? ምክንያት ነበረን፤ ማሽኑ ዝም ባለ ጊዜ ገመዱን ነቅለን መልሰን ስንሰካው ወዲያው ይነሣ ነበር። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ይህ ማስረጃ እንዴት እንዳታለለን ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ድራይቨር ማለት በኦፐሬቲንግ ሲስተሙና በአንድ መሣሪያ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። የእኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ነው፤ ካርዱ ደግሞ ሪልቴክ 8139 የሚባለው፥ በርካሽነቱ በዓለም ሁሉ የተሠራጨው የ100 ሜጋቢት ካርድ ነው። ይህ ካርድ ወደ ውጭ ለሚላኩ ፓኬቶች አራት ማረፊያ ብቻ አለው። ድራይቨሩ ፓኬቱን ከአራቱ ባንዱ ላይ ያኖራል፤ ካርዱም በሽቦው ላይ ከላከው በኋላ «ጨርሻለሁ» ብሎ ፕሮሰሰሩን ይጠራል። ይህ ጥሪ ኢንተራፕት ይባላል። ኢንተራፕት የያዙትን ሥራ አስጥሎ የሚያስነሣ ጥሪ ስለ ሆነ በየትኛው መሥመር ላይ እንደሚመጣ አይታወቅም። ፕሮግራም ጻፊው ሁለት መሥመር አከታትሎ ሲጽፍ፥ በሁለቱ መካከል ሌላ ሥራ ሙሉውን ሊገባ እንደሚችል ማሰብ አለበት። ይህን ማሰብ ቀላል ይመስላል፤ እኛም ለፈተና ጽፈነው ሙሉ ነጥብ አግኝተንበታል።

ሁለት ሠራተኞች አንድን ነገር በጋራ ይዘው፥ ውጤቱ ማን ቀደመ በሚለው ላይ ብቻ የሚወሰን ሲሆን ያንን «ሽሚያ» ብለን እንጠራዋለን። ምሳሌው ከዚሁ ከማኅበራችን ቅርብ ነው። በመዋጮ ደብተሩ ላይ 40 ብር ተጽፏል እንበል። ሁለት ገንዘብ ያዦች በአንድ ጊዜ ገልጠው 40 የሚለውን ያነባሉ። አንዱ 5 ብር ተቀብሎ 45 ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው 10 ብር ተቀብሎ በላዩ 50 ይጽፋል። በሣጥኑ ውስጥ 55 ብር አለ፤ ደብተሩ ግን 50 ይላል። ሁለቱም ሐቀኞች ናቸው፤ ሁለቱም ደምረው አልተሳሳቱም። በኮምፒዩተር ውስጥ አንድ ቍጥር ላይ አንድ መጨመር እንኳ ሦስት ሥራ ነው፤ ማንበብ፥ መደመር፥ መልሶ መጻፍ። በመካከላቸው ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል።

ማሽኑ አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ባለው ጊዜ ችግሩ ከኢንተራፕት ብቻ ይመጣ ነበር። ብዙ ፕሮሰሰር ሲሆን ግን ሁለቱ ሥራዎች በእውነት በአንድ ቅጽበት ይካሄዳሉ። ሊኑክስ ብዙ ፕሮሰሰር ባላቸው ማሽኖች ላይ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው በ2.0 እትም ነው። ያን ጊዜ መፍትሔው አንድ ትልቅ ቁልፍ ነበር፤ ወደ ሲስተሙ እምብርት የሚገባ ሁሉ ያንን አንድ ቁልፍ መያዝ ነበረበት፤ ሌላው በር ላይ ይጠብቃል። ስሕተት ይቀንሳል፤ ሥራው ግን ይንቀረፈፋል። ያ ትልቅ ቁልፍ ቀስ በቀስ በብዙ ትንንሽ ቁልፎች እየተተካ ሄዶ ፈጽሞ የወጣው በ2011 ነው። አንድ ቁልፍ ለማውጣት 15 ዓመት ፈጀባቸው ማለት ነው። እኛ ይህን ታሪክ አንብበን ሳለ በድራይቨራችን ውስጥ ቁልፍ የሚባል ነገር ጨርሶ አላገባንም፤ ቁልፍ ሥራ ያዘገያል የሚል ነገር ሰምተን ነበርና፥ ጊዜውም አጥሮብን ነበርና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው በእኛ ደረሰ።

የጥፋቱን ሁኔታ በወፍጮ ቤት ምሳሌ እናስረዳ። ግቢው አራት ጆንያ ብቻ የሚይዝ አንድ ወፍጮ ቤት አለ። በበሩ ላይ በረኛ ቆሟል፤ ከውስጥ ደግሞ ፈጪው አለ። የበረኛው ትእዛዝ እንዲህ ነው፤ ጆንያ ባስገባህ ቍጥር ቍጠር፤ አራት ከሞላ በሩን ዘግተህ ተቀመጥ፤ «ክፈት» እስክትባል አትነሣ። የፈጪው ትእዛዝ ደግሞ እንዲህ ነው፤ አንድ ጆንያ ፈጭተህ ባወጣህ ቍጥር በሩን ተመልከት፤ ተዘግቶ ካገኘኸው «ክፈት» ብለህ ተጣራ፤ ክፍት ከሆነ ሥራህን ቀጥል። በረኛው ፓኬት የሚያኖረው የድራይቨሩ ክፍል ነው፤ ፈጪው በኢንተራፕት የሚነሣውና ያለቁትን ማረፊያዎች የሚያስለቅቀው ክፍል ነው። ሁለቱም ትእዛዞች ለየብቻ ሲነበቡ እንከን የላቸውም። እኛም ለየብቻ ነበር ያነበብናቸው።

አሁን በረኛው አራተኛውን ጆንያ አስገባ፤ ቈጠረ፤ ሞልቷል። ሊዘጋ ዞር ሲል አንድ የሩቅ ዘመድ አገኘውና ሰላምታ ጀመሩ። የእኛ አገር ሰላምታ እንደምታውቁት ነው፤ ልጆቹ፥ ከብቱ፥ ዝናቡ፥ የአማቱ ጉልበት። ይህ በሆነበት ጊዜ ፈጪው አንዱን ጆንያ ጨረሰ፤ በሩን አየ፤ ክፍት ነው፤ ደኅና። ሁለተኛውን ጨረሰ፤ አየ፤ ክፍት ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውንም ጨረሰ፤ አሁንም ክፍት ነው። ሥራ የለም ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። በረኛው ዘመዱን ሸኝቶ ቀድሞ እንደ ወሰነው በሩን ዘጋና ተቀመጠ። ግቢው ባዶ ነው፤ በሩ ዝግ ነው፤ ፈጪው እህል ይጠብቃል፤ በረኛው ጥሪ ይጠብቃል፤ የተጫኑት አህዮች እስከ ወንዙ ድረስ ተሰልፈዋል። ማንም ትእዛዝ አልጣሰም።

የሩቁ ዘመድ በማሽናችን ውስጥ የዲስክ ኢንተራፕት ነበር። ፓኬት ያኖር የነበረው ኮር ከቈጠረ በኋላ ከመዝጋቱ በፊት ዲስኩ ጠራው፤ በዚያው ጊዜ ሁለተኛው ኮር አራቱን ማረፊያዎች አስለቀቀ። ከአራቱ አንዱ እንኳ ሳይላክ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፥ እሱ ሲያልቅ ፈጪው በሩን ተዘግቶ ያገኘውና ይጣራ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የሚደርሰው አራቱም በዚያች ቀዳዳ ውስጥ ካለቁ ብቻ ነው። በ100 ሜጋቢት ሽቦ ላይ ትልቁ ፓኬት ለመውጣት 123 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ ትንሹ ግን 7 እንኳ አይሞላም። አራት ትንንሽ ፓኬቶች በ27 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ያልቃሉ። ጥፋቱ ብዙ ትንንሽ ፓኬት በሚላክበትና ዲስኩም በሚሠራበት ሰዓት፥ ማለትም ሁላችሁም ተሻምታችሁ የቤት ሥራ በምትልኩበት በመጨረሻው ሰዓት የሚመጣውም ስለዚህ ነው። ተንኰል ይመስላል፤ ሒሳብ ነው።

የገመዱም ነገር እንዲህ ነበር። ገመድ ተነቅሎ ሲሰካ ካርዱ ስለ መስመሩ መመለስ ሌላ ኢንተራፕት ያሰማል፤ ድራይቨራችንም ያንን ሲሰማ ምንም ሳይጠይቅ በሩን ይከፍት ነበር። ይህን መሥመር የጻፍነው እኛው ነን። ገመዱን መንቀል በረኛውን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ብቻ ነበር፤ እኛ ግን ሕመሙ ከገመዱ ነው ብለን ጋሼን በጠረጴዛ ሥር አዋልናቸው።

ሊኑክስ ለእንዲህ ያለ ነገር አንድ ጠባቂ አለው። በሩ ተዘግቶ ለረጅም ጊዜ ምንም ያልተላከ እንደ ሆነ በመዝገብ ላይ ጽፎ ድራይቨሩን «ራስህን አስተካክል» ብሎ ይጠራዋል። የጥበቃው ጊዜ ሌላ ካልተወሰነ 5 ሴኮንድ ነው። ነገር ግን ይህ ጠባቂ የሚነሣው ድራይቨሩ የሚጠራበትን ተግባር ጽፎ ካቀረበ ብቻ ነው። እኛ «ኋላ እንጽፈዋለን» ብለን ትተነው ነበርና ጠባቂው አልተነሣም፤ በመዝገቡም ላይ አንዲት ቃል አልተጻፈም።

ፍለጋውን ባጭሩ እንናገር፤ ብዙው የሚያሳፍር ነውና። መጀመሪያ የረዳን ነገር ሁለት ቍጥሮች ናቸው። አንድ ማሽን ዝም ባለበት ጊዜ ገመዱን ሳንነካ ቍጥሮቹን ተመለከትን፤ የተቀበለው ፓኬት ቍጥር ይጨምራል፤ የላከው ግን ቆሟል። የሚሰማ ነገር ግን የማይናገር ማሽን ነው። ገመድ ቢበላሽ ሁለቱም ባንድነት ይቆሙ ነበር ብለን ያሰብነው ያን ጊዜ ነው። ከዚያም እንደ ልማዳችን በየመሥመሩ መካከል የሚያትም ትእዛዝ ጨመርንና አንድ ሳምንት ጠበቅን። ጥፋቱ ጠፋ! አንዱ ጓደኛችን «እንግዲያስ እንዲህ እንተወው» አለ፤ ለግማሽ ቀን ያህል እኛም ተስማምተን ነበር። በኋላ ግን ማተም ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜውን ስለ ለወጠው ነው እንጂ ጥፋቱ ስለ ታረመ አይደለም አልን። ነገሩ በጊዜ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ጊዜውን ራሳችን እንለውጠው ብለን፥ ከመቍጠሩ በኋላና ከመዝጋቱ በፊት ሆን ብለን የ100 ማይክሮ ሴኮንድ መዘግየት አገባን። በሦስት ቀን አንዴ ይመጣ የነበረው ጥፋት አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። ማሽኑ ዝም ሲል በቤተ ሙከራው ውስጥ በእልልታ ጮኽን፤ በአጠገባችን ያጠኑ የነበሩትን ይቅርታ እንጠይቃለን።

እርማቱ ደግሞ ሌላ ጥፋት ወለደ። ቁልፍ እንጨምር አልን፤ በረኛው ሲቈጥርና ሲዘጋ፥ ፈጪውም ሲያስለቅቅና በሩን ሲመለከት አንዱን ቁልፍ ይያዙ፤ ሌላው እስኪለቀቅ እዚያው እየዞረ ይጠብቅ። ጻፍነው፤ አስነሣነው፤ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። የሆነው እንዲህ ነው፤ በረኛው ቁልፉን ይዞ ሳለ በዚያው ኮር ላይ የካርዱ ኢንተራፕት መጣ። ፈጪው በበረኛው ትከሻ ላይ ተነሥቶ ቁልፉን ይጠብቅ ጀመር። ቁልፉን የሚለቀው በረኛው ነው፤ በረኛው ደግሞ ፈጪው ካላበቃ መንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ በረኛው ቁልፉን በያዘበት ጊዜ በኮሩ ላይ ኢንተራፕት መዘጋት አለበት፤ ሊኑክስ ለዚህ የተለየ የቁልፍ ትእዛዝ አለው። ከ2006 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ የሚገኘውን ሎክዴፕ የሚባል መርማሪ አስቀድመን አስነሥተን ቢሆን ኖሮ፥ ማሽኑ ሳይደርቅ ስሕተቱን በነገረን ነበር። በኋላ ስናስነሣው የተሳሳትንበትን ተግባር በስሙ ጠርቶ ጻፈው። በሊኑክስ ውስጥ ያለው፥ ሌሎች ሰዎች ለዚሁ ካርድ የጻፉት ድራይቨርም ሲላክና በኢንተራፕቱ ውስጥ ቁልፍ ይይዛል፤ ፊታችን ተቀምጦ ነበር።

ያለ ቁልፍ የሚሠራ ሌላ መንገድም አለ፤ ፈጣን በሆኑ ካርዶች ድራይቨሮች ውስጥ የሚሠራበት እሱ ነው። በረኛው በሩን ከዘጋ በኋላ እንደገና ይቍጠር፤ ቦታ ካገኘ ራሱ ይክፈት። ይህ ብቻውን የሚበቃ መስሎን ነበር፤ አልበቃም። ዘመናዊ ፕሮሰሰር የጻፈውን ነገር ወዲያው በሰሌዳው ላይ አይሰቅለውም፤ «ተዘግቷል» ብሎ ጽፎ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ እንደ ያዘ ወደ ግቢው ዞሮ ሊቈጥር ይችላል። ፈጪውም እንደዚሁ «ባዶ ነው» የሚለውን ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይዞ በሩን ሊያይ ይችላል። ሁለቱም የጻፉት በኪሳቸው፥ ሁለቱም ያዩት አሮጌውን! በየጠረጴዛችን ላይ ያሉት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች፥ ሥርዓታቸው ጥብቅ ነው የሚባሉት እንኳ፥ ይህችን አንዲት መቀዳደም ይፈቅዳሉ። ስለዚህ በሁለቱም ወገን፥ በአንዱ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም፥ «የጻፍከውን ሳትሰቅል ወደ ሌላው አትይ» የሚል ትእዛዝ መቆም አለበት፤ እሱም የሜሞሪ አጥር ይባላል። ብዙ ድራይቨሮች ይህን እያንዳንዳቸው ሲጽፉት ስለ ኖሩ፥ በ2023 በወጣው በሊኑክስ 6.4 ውስጥ ለሁሉም የሚሆን አንድ የጋራ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል።

ከሁለቱ መንገዶች እኛ ቁልፉን መረጥን። ያልተያዘን ቁልፍ መያዝና መልቀቅ ከማይክሮ ሴኮንድ እጅግ ያነሰ ጊዜ ነው፤ የእኛ ካርድ ትንሹን ፓኬት ለመላክ እንኳ 7 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ይፈልጋል። አጥሩ የበለጠ ያምራል፤ ነገር ግን ከእኛ በኋላ ይህን ድራይቨር የሚያነበው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ቁልፉን ያስተውላል፤ አጥሩን ግን «ይህ ምን ያደርጋል» ብሎ ሊሰርዘው ይችላል። በዚህ ላይ አሁንም የማንስማማ አለን።

ድራይቨሩ በሚወጣበት ጊዜም አንድ ሽሚያ አገኘን፤ የፓኬቱን ሜሞሪ አስቀድመን መልሰን ኢንተራፕቱን በኋላ እንለቅ ነበር። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ በቃን፤ ሊኑክስ ኢንተራፕት ሲለቀቅ በመካሄድ ላይ ያለው እስኪያበቃ ይጠብቃልና።

አንዳንዶቻችሁ ይህ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ነው ትሉ ይሆናል። በነሐሴ 2003 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን አሜሪካ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ መብራት ጠፍቶበት ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ በመቈጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የነበረው የማስጠንቀቂያ ፕሮግራም በዝምታ መቆሙ ሲሆን፥ በኋላ ሲመረመር በውስጡ የተገኘው እንዲህ ያለ ሽሚያ ነው። ሠራተኞቹ ማስጠንቀቂያ ስላልሰሙ ሁሉ ደኅና መስሏቸው ነበር። እነርሱም ዝም ካለ ማሽን ጋር ተቀምጠው ነበር።

ጋሼ ዛሬ ከኋላው ረድፍ ተቀምጠዋል። ባለፈው ሳምንት ሄደን ጥፋቱ የገመድ ሳይሆን የእኛ መሆኑን ነገርናቸው፤ ሰሌዳውንም በፊታቸው አጠፋነው። ብዙ አልተናገሩም። «አሁንስ እንዳይመለስ በምን ታውቃላችሁ? ያን ጊዜም አንድ ሳምንት ጠፍቶ ነበር እኮ» ብለው ብቻ ጠየቁን። ከመምህሮቻችን ፈተና ይልቅ የከበደን ይህ ጥያቄ ነው። «ሁለት ሳምንት ሠርቷል» ብለን ልንመልስላቸው አንችልም፤ ትክክለኛ ነገር ተናግረዋልና። ስለዚህ ወረቀት አውጥተን የበረኛውንና የፈጪውን ሥራ በሁለት ዓምድ ጻፍንላቸው፤ ቁልፉ ካለ የአንዱ ዓምድ በሌላው መካከል ሊገባ የሚችልበት መሥመር እንደሌለ አንድ በአንድ አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ተከተሉን፤ በሦስተኛው መሥመር ላይም ያላሰብነውን ጥያቄ ጠየቁ፤ «ገመዱ ሲሰካ በሩን የሚከፍተው ሦስተኛው ሰውዬስ ቁልፍ ይይዛል?» አይይዝም ነበር። አሁን ይይዛል።

የተሳሳተው ድራይቨር፥ ከነመዘግየቱ፥ በ7ኛው ማሽን ላይ እንዳለ ትተነዋል። ጥፋቱን በዐይኑ ማየት የሚፈልግ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የክፍሉን ቁልፍ ከጋሼ ጠይቆ ይግባ፤ የቤት ሥራ ግን በእሱ ላይ አትላኩ።